ነጻ ምግብና የተማሪ ጤና አገልግሎት በአሜሪካ ትምህርት ቤቶች፦ ወላጆች ደጋግመው የሚጠይቋቸው ጥያቄዎች

ዓመቶቹ በሙሉ እንደ አውሮፓውያን አቆጣጠር ናቸው፤ ዝርዝሩ ከአንዱ ዲስትሪክት፣ ማለትም ከአንዱ አካባቢ የትምህርት ቤቶች አስተዳደር፣ ወደ ሌላው ስለሚለያይ የልጅዎን ትምህርት ቤት ጽሕፈት ቤት ይጠይቁ።

የትምህርት ቤቱን ምግብ የሚከፍለው ማን ነው?

የፌዴራሉ መንግሥት፣ ግዛቱና ወላጅ ይጋሩታል፤ ለችግረኛ ልጆች ምግብ ትልቁን ድርሻ የሚሸፍነው ፌዴራሉ ነው። ምሳውን ያቋቋመው ፕሬዚዳንት ሃሪ ትሩማን በ1946 የፈረሙት ሕግ ሲሆን፣ ቁርሱ በ1966 በሙከራ ተጀምሮ በ1975 ቋሚ ሆኗል። ገንዘቡ የሚወጣው ከትምህርት ሳይሆን ከግብርና መሥሪያ ቤቱ ነው። ሕጉ ሲወጣ ከሕፃናቱ ጤና ጎን ለጎን የገበሬው ትርፍ ምርት ገዢ እንዲያገኝ ታስቦ ነበርና።

ክፍያው በጅምላ አይደለም፤ በሳህን ይቆጠራል። ልጅዎ በሰልፉ መጨረሻ የተማሪነት ቁጥሩን ሲያስገባና ሠራተኛዋ ትሪውን አይታ ስታሳልፈው አንድ ምግብ ተመዘገበ ማለት ነው። ዲስትሪክቱ በየወሩ ይህን ቆጠራ ለግዛቱ ልኮ ገንዘቡን ይጠይቃል። ከዚህ በታች ያሉት አብዛኞቹ መልሶች ከዚህ ቆጠራ የሚመነጩ ናቸው።

ለሁሉም ተማሪ ነጻ ያደረጉት የትኞቹ ግዛቶች ናቸው?

በኮቪድ ወቅት፣ ከ2020 ጸደይ እስከ 2022 አጋማሽ፣ ትምህርት ቤቶች በመላ አገሪቱ ገቢ ሳይጠይቁ እንዲያበሉ ተፈቅዶላቸው ነበር። ያ ሲቆም አንዳንድ ግዛቶች በራሳቸው ገንዘብ ቀጠሉበት። ካሊፎርኒያና ሜይን ቀደሙ፤ ኮሎራዶ፣ ሚኒሶታ፣ ኒው ሜክሲኮ፣ ቨርሞንት፣ ሚሺጋንና ማሳቹሴትስ ተከተሉ፤ ኒው ዮርክ በ2025–26 የትምህርት ዘመን ተቀላቀለ። እነዚህ ግዛቶች ውስጥ የሐኪሙም የፓርኪንግ ሠራተኛውም ልጅ እኩል በነጻ ይበላል።

የገንዘቡ ምንጭ ግን ይለያያል፤ ልዩነቱም ፕሮግራሙ ምን ያህል አስተማማኝ እንደሆነ ይነግርዎታል። ማሳቹሴትስ ከ1 ሚሊዮን ዶላር በላይ በሆነ የዓመት ገቢ ላይ ከጣለችው የ4 በመቶ ተጨማሪ ግብር ትከፍላለች። በኮሎራዶ መራጩ ሕዝብ በኖቬምበር 2022 ከ300,000 ዶላር በላይ ገቢ ያላቸው ሰዎች የሚጠቀሙበት የግብር ቅናሽ እንዲገደብ ወሰነ፤ ገንዘቡ ሲያጥር ደግሞ በኖቬምበር 2025 እንደገና ድምፅ ሰጥቶ ጨመረበት። ሚኒሶታ፣ ገዥው ቲም ዎልዝ በማርች 2023 በፈረሙት ሕግ፣ ከመደበኛው የግዛቱ በጀት ትከፍላለች፤ ስለዚህ በጀት በጠበበ ቁጥር ጉዳዩ መነሣቱ አይቀርም። የእኛ ሰው በብዛት በሚኖርባቸው በሜሪላንድ፣ በቨርጂኒያ፣ በቴክሳስና በጆርጂያ እንዲህ ያለ ለሁሉም የሚሆን ሕግ የለም።

ግዛታችን ለሁሉም ነጻ አላደረገም፤ የልጄ ትምህርት ቤት ግን «ሁሉም በነጻ ይበላል» ብሎናል። እንዴት ሆኖ?

ሲኢፒ በሚባለው የፌዴራል አሠራር ነው። በትምህርት ቤቱ ካሉት ተማሪዎች ቢያንስ 25 በመቶው በስናፕ (በተለምዶ ፉድ ስታምፕ) ወይም በመሳሰለው ፕሮግራም ያለ ማመልከቻ የተመዘገቡ ከሆኑ፣ ትምህርት ቤቱ ሁሉንም በነጻ ለማብላት መምረጥ ይችላል። መስፈርቱ እስከ 2023 ድረስ 40 በመቶ ነበር። ይህ ነጻነት የትምህርት ቤቱ እንጂ የልጅዎ አይደለም፤ ቤት ቀይረው ልጁ ወደ ሌላ ትምህርት ቤት ከተዛወረ ከዜሮ ይጀምራሉ።

ገቢዬ ስንት ቢሆን ነው ልጄ በነጻ የሚበላው?

የቤተሰቡ ገቢ ከፌዴራሉ የድህነት ወለል 130 በመቶ ካልበለጠ ነጻ ነው፤ ከ130 እስከ 185 በመቶ ባለው ውስጥ ከሆነ በቅናሽ ነው። ቅናሹም ለምሳ ከ40 ሳንቲም፣ ለቁርስ ከ30 ሳንቲም በላይ ሊያስከፍል አይችልም። በ2025–26 የትምህርት ዘመን አራት ሰው ላለበት ቤት (ከአላስካና ከሃዋይ በስተቀር) ነጻው እስከ 41,795 ዶላር፣ ቅናሹ እስከ 59,478 ዶላር የዓመት ገቢ ይደርሳል። ቁጥሩ በየዓመቱ ጁላይ ላይ ይታደሳል። ሜሪላንድን የመሰሉ ግዛቶች የቅናሹን ሳንቲም ራሳቸው ስለሚከፍሉ ወላጁ ምንም አያወጣም።

ይህን ለማግኘት ለትምህርት ቤቱ የሚሞላ የማመልከቻ ቅጽ አለ፤ ሰው የሚስተው ሒሳቡን ነው። ደመወዝተኛ የሚጽፈው ግብርና ኢንሹራንስ ከመቆረጡ በፊት ያለውን ገቢ ነው። ታክሲ ወይም ኡበር የሚነዳ፣ ሱቅ ያለው ሰው ግን የሥራ ወጪውን ቀንሶ የተረፈውን ይጽፋል፤ ቤንዚኑንና ጥገናውን ሳይቀንስ ጠቅላላውን የጻፈ መብቱን በገዛ እጁ ያጣል። አገር ቤት ላሉ እናትና ወንድም የሚላከው ገንዘብ አይቀነስም፤ ቅር ያሰኛል፣ ሕጉ ግን እንዲያ ነው። አያት አብረው የሚኖሩና ከቤተሰቡ ጋር ወጪ የሚጋሩ ከሆነ በቤተሰቡ ቁጥር ይገባሉ፤ ገቢ ካላቸው እርሱም ይደመራል።

ከቤተሰቡ አንድ ሰው እንኳ ስናፕ የሚያገኝ ከሆነ ገቢ መጻፍ አያስፈልግም። በቤቱ ያሉ ተማሪዎች ሁሉ በዚያው ነጻ ይሆናሉ። ዲስትሪክቱ ከግዛቱ መዝገብ አመሳክሮ ራሱ ሊመዘግባቸው ይገባል፤ ኦገስት መጨረሻ ድረስ ደብዳቤ ካልደረሰዎት ግን ዝም ብለው አይጠብቁ።

በነጻ የሚበላ መሆኑ በጓደኞቹ ፊት አይታወቅበትም?

እንዳይታወቅ ሕጉ ያስገድዳል። የተለየ ሰልፍ፣ የተለየ ካርድ ወይም የተለየ ቀለም ያለው ትኬት የተከለከለ ነው። ከፋዩም ነጻውም አንድ ዓይነት ቁጥር ያስገባል፤ ልዩነቱ የሚታየው በኮምፒውተሩ ውስጥ ብቻ ነው። በይሉኝታ ቅጹን የሚተዉ ቤተሰቦች አሉ። ለዚህ ግብር እየከፈሉ ከልጅ አፍ መንጠቅ ምኑ ኩራት እንደሆነ ለእኔ አይገባኝም።

የመኖሪያ ወረቀት የለንም፤ ቅጹን ብንሞላ ችግር ያመጣብናል?

ቅጹ ስለ ዜግነትም ሆነ ስለ ግሪን ካርድ አንድም ጥያቄ የለውም። የሚጠይቀው የፈራሚውን አዋቂ የሶሻል ሴኩሪቲ ቁጥር የመጨረሻ አራት አሃዞች ብቻ ነው፤ ቁጥር የሌለው ሰው «የለኝም» የሚለው ሳጥን ላይ ምልክት ያደርጋል፣ ቅጹም ሙሉ ሆኖ ይቆጠራል። ከ1996 ጀምሮ ያለው የፌዴራል ሕግም በመንግሥት ትምህርት ቤት በነጻ መማር የሚችል ልጅ በዜግነቱ ወይም በኢሚግሬሽን ሁኔታው ምክንያት ከምሳውና ከቁርሱ እንደማይከለከል በግልጽ ይናገራል።

ሌላው ፍርሃት «ፐብሊክ ቻርጅ» የሚባለው፣ ማለትም የመንግሥት ጥገኛ ተብሎ ግሪን ካርድ መከልከል ነው። ከዲሴምበር 2022 ጀምሮ በሥራ ላይ የዋለው ደንብ የትምህርት ቤት ምግብን አይቆጥርም። በ2025 መጨረሻ ደንቡን ለመሻር ሐሳብ ስለቀረበ፣ ጉዳዩ በሂደት ላይ ያለ ሰው የኢሚግሬሽን ጠበቃ ይጠይቅ፤ ከቅዳሴ በኋላ በሚወራው ወሬ ላይ ተመርኩዞ ግን አይወስን።

ምግቡ ለሁሉም ነጻ ከሆነ ቅጹን ለምን እሞላለሁ?

ልጅዎ ቅጹን ቢሞሉም ባይሞሉም ይበላል። የሚለወጠው ሒሳቡን የሚከፍለው ነው። በቅጹ ወይም በስናፕ ችግረኛ መሆኑ ለተረጋገጠ ልጅ ፌዴራሉ ለአንድ ምሳ ከ4 ዶላር ከ40 ሳንቲም በላይ ይከፍላል፤ ላልተረጋገጠው ከ60 ሳንቲም በታች። የቀረውን ግዛቱ ይሞላል። እንግዲህ ገቢው ዝቅ ያለ አንድ ቤተሰብ ወረቀቱን ባለመሙላቱ ብቻ ከዋሽንግተን መምጣት የነበረበት ገንዘብ በየቀኑ ከግዛቱ ካዝና ይወጣል። የምክር ቤት አባላት «ፕሮግራሙ ከታሰበው በላይ በላን» ብለው ሲያማርሩ፣ ከምክንያቶቹ አንዱ ይህ ነው።

ጉዳዩ ከምግብ ያልፋል። ሚኒሶታ ችግረኛ ተማሪ ለበዛባቸው ትምህርት ቤቶች የምትሰጠው ተጨማሪ ድጎማና የካሊፎርኒያ የትምህርት በጀት ቀመር እንዲህ ባለው ቆጠራ ላይ ይመሠረታሉ፤ ታይትል ዋን የተባለውም የፌዴራል ገንዘብ በብዙ ዲስትሪክት ለየትኛው ትምህርት ቤት እንደሚደርስ የሚወሰነው በዚሁ ነው። የንባብ ረዳት መምህሯ፣ ከትምህርት በኋላ የሚሰጠው ማስጠኛ፣ አማካሪው፣ ሁሉም ከዚያ ሊመጡ ይችላሉ። ለራስዎም ቤት ጥቅም አለው፦ ለነጻ ወይም ለቅናሽ ምግብ ብቁ የሆነ የሁለተኛ ደረጃ ተማሪ ለኮሌጅ መግቢያ የሚወሰደውን የኤስኤቲ ፈተና ያለ ክፍያ መውሰድና የኮሌጅ ማመልከቻ ክፍያ እንዲቀርለት መጠየቅ ይችላል።

ቅጹ በየትምህርት ዘመኑ አዲስ ነው፤ ያምናው አያገለግልም። በሞንትጎመሪ ካውንቲ፣ ሜሪላንድ፣ ዲስትሪክቱ ለወላጆች መረጃ የሚያወጣባቸው ቋንቋዎች ውስጥ አማርኛ አለ። በሌላ ቦታም አስተርጓሚ መጠየቅ መብትዎ ነው። ልጅዎን ግን አስተርጓሚ አያድርጉት፤ የአሥር ዓመት ልጅ የአባቱን ገቢ ለጸሐፊዋ ማስረዳት የለበትም።

ልጄ ረቡዕና ዓርብ ይጾማል። ትምህርት ቤቱ የጾም ምግብ የመስጠት ግዴታ አለበት?

የለበትም። ሕጉ የሚያስገድደው በጤና ባለሙያ የተፈረመ ማስረጃ ያለው የአካል ጉዳት ወይም የጤና እክል ሲኖር ነው፤ ከባድ አለርጂም በዚሁ ይገባል። ያን ጊዜ ትምህርት ቤቱ ያለ ተጨማሪ ክፍያ ምግቡን መቀየር አለበት። ሃይማኖት ግን ለትምህርት ቤቱ በጎ ፈቃድ ተትቷል። ከቤተ ክርስቲያን ደብዳቤ አጽፎ መሄድ አይከፋም፤ ወጥ ቤቱን ግን አያስገድደውም።

መውጫው ከራሱ ከአሠራሩ ውስጥ ነው። ምሳው አምስት ክፍል አለው፦ ሥጋ ወይም ምትኩ፣ እህል፣ አትክልት፣ ፍራፍሬ፣ ወተት። በሁለተኛ ደረጃ ትምህርት ቤቶች በሙሉ፣ በአንደኛና በመካከለኛ ደረጃ ደግሞ ዲስትሪክቱ ከፈቀደ፣ ተማሪው ከአምስቱ ሦስቱን ካነሣ ይበቃል፤ ከሦስቱ አንዱ ግን ቢያንስ ግማሽ ኩባያ ፍራፍሬ ወይም አትክልት መሆን አለበት። ስለዚህ ሩዝ፣ ባቄላና ፖም ይዞ፣ ዶሮውንና ወተቱን ትቶ ማለፍ ይችላል። ልጁ ይህን ካላወቀ ሠራተኛዋ ያቀበለችውን ሁሉ ይቀበልና ወተቱን ሳይከፍተው ቆሻሻ ውስጥ ይጥለዋል። «ወተት አልፈልግም» ማለት እንደሚቻል አስቀድመው ይንገሩት። በጾም ምክንያት ወተት የማይጠጣ ልጅ ወላጅ በጽሑፍ ከጠየቀ ትምህርት ቤቱ የአኩሪ አተር ወተት ሊሰጥ ይችላል፤ ይህም ፈቃዱ እንጂ ግዴታው አይደለም።

የምግብ ዝርዝሩ አብዛኛውን ጊዜ በየወሩ አስቀድሞ ይወጣል። ከዐቢይ ጾም በፊት የወጥ ቤቱን ኃላፊ አግኝቶ የትኛው ቀን ምን እንዳለ መጠየቅ ከጾሙ መካከል ከመጨቃጨቅ ይሻላል። በብዙ ትምህርት ቤቶች ዓርብ፣ ሆን ተብሎ የተደረገብን ይመስል፣ የፒዛ ቀን ነው። በኒው ዮርክ ከተማ ግን ከፌብሩዋሪ 2022 ጀምሮ የዓርቡ ዋና ምግብ ከእንስሳት ተዋጽኦ ነጻ ሆኗል፤ ስለ ጾማችን የሰማ ባይኖርም ገጠመልን። ለሙስሊም ቤተሰቦች ሐላል የሚያቀርቡ ዲስትሪክቶች አሉ፤ በረመዳን ለሚጾም ተማሪ በምሳ ሰዓት በቤተ መጻሕፍት መቆየት እንዲፈቀድለት መጠየቅ ይቻላል። እስከ ከሰዓት በኋላ የሚጾም ልጅ ትሪውን ቋጥሮ ወደ ቤት መውሰድ አይችልም፤ ምግቡ በግቢው ውስጥ መበላት አለበትና። አንድ ሙሉ ፍሬ ይዞ መውጣት የሚፈቅዱ ትምህርት ቤቶች ግን አሉ።

ምሳ ከቤት ብቋጥርለትስ?

መብትዎ ነው። የቤቱን ምሳ ይዞ ከሰልፉ ወተት ብቻ ካነሣ ግን ብዙውን ጊዜ ይከፈልበታል፤ ወተት ብቻውን እንደ ምግብ አይቆጠርም። ወጥ ቤቱ የልጆችን ምሳ ስለማያሞቅ ፍርፍሩን ሙቀት በሚይዝ ዕቃ ይላኩ።

የምሳ ዕዳ አለብህ የሚል መልእክት ደረሰኝ። ልጄ ነጻ አልነበረም እንዴ?

ምናልባት 30ዎቹ ቀናት አልቀው ይሆናል። ባለፈው ዓመት ነጻ የነበረ ልጅ በአዲሱ ዓመት የመጀመሪያዎቹ 30 የትምህርት ቀናት በድሮው መብቱ ይበላል፤ አዲስ ቅጽ ካልገባ በ31ኛው ቀን ከፋይ ይሆናል። ቤተሰቡ የሚያውቀው ዕዳው ሲጠራቀም ነው። ቅጹን ያኔ ቢሞሉ ከዚያ ወዲያ ያለው ይስተካከላል፤ ወደ ኋላ ያለው ዕዳ ግን አብዛኛውን ጊዜ ይቀራል።

ዕዳ ያለበትን ልጅ ምሳውን ቀምቶ መጣል፣ እጁ ላይ ማኅተም መምታት ወይም ጠረጴዛ ማስወልወል በአንዳንድ ቦታ የተለመደ ነበር። ኒው ሜክሲኮ በ2017 ይህን በሕግ ከልክላ ፈር ቀደደች፤ ሌሎችም ተከተሉ። በሚኒሶታ የሴንት ፖል ትምህርት ቤት የምግብ ቤት ኃላፊ የነበረው፣ በ2016 በፖሊስ ጥይት የተገደለው ፊላንዶ ካስቲል፣ ገንዘብ ለጎደላቸው ልጆች ከኪሱ ይከፍል ነበር፤ ከሞቱ በኋላ በስሙ የተሰበሰበው ገንዘብ የተማሪዎችን የምሳ ዕዳ ከፍሏል።

«ገቢዎን በማስረጃ ያረጋግጡ» የሚል ደብዳቤ መጣ። ተጠርጥረን ነው?

አብዛኛውን ጊዜ አይደለም። ዲስትሪክቱ በየዓመቱ ከጸደቁት ማመልከቻዎች ጥቂቱን፣ በተለምዶ 3 በመቶ ያህሉን፣ መርጦ እስከ ኖቬምበር አጋማሽ እንዲያረጋግጥ ፌዴራሉ ያዘዋል። የሚጠየቀው የደመወዝ ወረቀት (ፔይ ስታብ) ወይም ተመሳሳይ ማስረጃ ነው። አደጋው ዝምታ ነው፤ መልስ ያልሰጠ ቤተሰብ ብቁ ሆኖም ሳለ መብቱ ይቋረጣል። ከተቋረጠም ይግባኝ ማለት ይቻላል።

ትምህርት ቤት በሰመር ሲዘጋ ልጆቹ ምን ይበላሉ?

በፌዴራል ገንዘብ በፓርኮች፣ በቤተ መጻሕፍትና በትምህርት ቤቶች ምግብ የሚታደልባቸው ክፍት ጣቢያዎች አሉ፤ 18 ዓመትና ከዚያ በታች የሆነ ማንኛውም ልጅ ያለ ቅጽ ይበላል። ከ2024 ጀምሮ ደግሞ ሰን ባክስ በሚባለው ፕሮግራም ለብቁ ልጅ ለወቅቱ 120 ዶላር በካርድ ይሰጣል። ሁሉም ግዛት አልገባበትም፤ ቴክሳስና ጆርጂያ በ2024ም በ2025ም አልተሳተፉም።

የትምህርት ቤቱ ነርስ ምን ታደርጋለች? ክሊኒኩስ ከእርሷ በምን ይለያል?

ደመወዟ በአብዛኛው ከአካባቢውና ከግዛቱ በጀት ስለሚወጣ አንዱ ትምህርት ቤት የሙሉ ጊዜ ነርስ ሲኖረው ሌላው ከጎረቤቱ ጋር ይጋራታል። በብዙ ግዛቶች የዓይንና የጆሮ ምርመራ በሕግ የታዘዘ ነው፤ «ልጅዎ መነጽር ያስፈልገዋል» የሚለው ወረቀት የሚመጣው ከዚያ ነው። ከቤት የላኩላትን የራስ ምታት ክኒን እንኳ ያለ ፊርማ አትሰጥም፤ የመድኃኒት ቅጽ ያስፈልጋል፣ ብዙ ጊዜም ከሐኪም ፊርማ ጋር። የአስም መንፊያውን ግን ልጁ ራሱ ይዞ እንዲዞር ሁሉም ግዛቶች ይፈቅዳሉ፤ ወረቀቱ ይሟላ እንጂ።

በግቢው ውስጥ ክሊኒክ ካለ እርሱ ሌላ ነገር ነው። ሐኪም ወይም ከፍተኛ ነርስ ይመረምርበታል፣ ኢንሹራንስ ይጠይቃል፣ የወላጅ ፈቃድም ይፈልጋል። ፈቃዱን በዓመቱ መጀመሪያ ከፈረሙ ልጁ ሲያመው ከሥራ ተጠርተው ደመወዝ አይቆረጥብዎትም።

ትምህርት ቤቱ ለሜዲኬይድ ሒሳብ ልላክ ብሎ ፊርማ ጠየቀኝ። የልጄን ኢንሹራንስ ይጨርስብኛል?

አይጨርስም። በልዩ ትምህርት ዕቅድ የንግግር ወይም የአካል ሕክምና የሚያገኝ ልጅ ሜዲኬይድ፣ ማለትም ገቢያቸው ዝቅ ላለ ሰዎች የሚሰጠው የመንግሥት የጤና ኢንሹራንስ፣ ካለው ትምህርት ቤቱ ወጪውን ከዚያ ማስመለስ ይችላል፤ ነገር ግን አስቀድሞ የወላጅ የጽሑፍ ፈቃድ ያስፈልገዋል። የልጁን ሽፋን ማሳነስ ወይም ወላጁን ማስከፈል ክልክል ነው። ፈቃዱን ቢከለክሉም አገልግሎቱን ማቋረጥ አይችልም።

ከኢትዮጵያ ያመጣነውን የክትባት ካርድ አንቀበልም አሉን። ለምን?

ብዙ ጊዜ ጣጣው የቀን አቆጣጠሩ ነው። በማርች 2015 የተወለደ ሕፃን የመጀመሪያ ክትባቱን በኢትዮጵያ አቆጣጠር ሚያዝያ 2007 ሲወስድ ካርዱ ላይ «08/2007» ተብሎ ይጻፋል። የትምህርት ቤቱ ጸሐፊ ኦገስት 2007 ብላ ታነበዋለች፤ ልጁ ሳይወለድ ተከትቧል ማለት ነው። ካርዱን ሲያስተረጉሙ ቀኖቹም ተለውጠው፣ ዋናው በኢትዮጵያ አቆጣጠር መሆኑ በግልጽ እንዲጻፍበት ያድርጉ።

ካርዱ ከጠፋ ሐኪሙ ለአንዳንዶቹ በደም ምርመራ ያጣራል፣ ሌሎቹን እንደገና ይሰጣል። ኢንሹራንስ የሌለው ወይም ሜዲኬይድ ያለው ከ19 ዓመት በታች የሆነ ልጅ ከ1994 ጀምሮ በሚሠራው የፌዴራል ፕሮግራም ክትባቱን በነጻ ያገኛል፤ መርፌውን ለሚወጋው ባለሙያ መጠነኛ ክፍያ ቢጠየቁም መክፈል ስላልቻሉ ክትባቱ አይከለከልም።

ስናፕ ተቋረጠብን። የልጆቹ ምሳስ?

በጁላይ 2025 የተፈረመው የፌዴራል ሕግ በስደተኛነት (በረፊዩጂነት) የመጡና ጥገኝነት ያገኙ ሰዎችን ግሪን ካርድ እስኪያገኙ ድረስ ከስናፕ ስላስወጣ ይህ ጥያቄ በእኛ ማኅበረሰብ በዝቷል። ልጆቹ በስናፕ በኩል ነጻ ተብለው ከተመዘገቡ በኋላ ቢቋረጥ፣ የዚያ የትምህርት ዘመን ምሳ አይነካም፤ በተከታዩም ዓመት የመጀመሪያዎቹን 30 የትምህርት ቀናት ያስኬዳቸዋል። ከዚያ በኋላ መዝገቡ ራሱ አይመዘግባቸውም። ስለዚህ ኦገስት ላይ የገቢውን ቅጽ መሙላት የወላጅ ፈንታ ነው።

ከመሙላትዎ በፊት ግን አንድ ነገር ያጣሩ። ወላጆቹ ቢወጡም እዚህ የተወለደው ልጅ ዜጋ በመሆኑ በስናፕ ላይ ሊቆይ ይችላል። ከቆየ የጉዳይ ቁጥሩን በቅጹ ላይ ይጻፉ፤ በእርሱ ቁጥር ወንድሞቹና እኅቶቹም በነጻ ይበላሉ።